ሦስት እጅ፣ አምስት እጅ

ካልጋሪ በታኅሣሥ ገና በአሥር ሰዓት ተኩል ይጨልማል። እንደዚያ ባለ አንድ ምሽት ልጄ ደብተሯን ይዛ ወጥ ቤት መጣች። «አባዬ፣ ይኼ አልገባኝም።»

ጥያቄው እንዲህ ነው፦ የአንድ ልጅና የእህቱ ገንዘብ 3 ለ 5 ነው። እህቱ 4 ዶላር ብትሰጠው እኩል ይሆናሉ። እያንዳንዳቸው ስንት አላቸው?

«እሱ ሦስት እጅ፣ እሷ አምስት እጅ አላት፤ ልዩነታቸው ሁለት እጅ ነው» አልኳት። «4 ሰጥታው እኩል ከሆኑ ልዩነቱ 8 ነበር። ስለዚህ አንዱ እጅ 4 ነው። እሱ 12፣ እሷ 20።»

«መልሱ ልክ ነው። ግን በሁለት እኩልታ ነው ሥሩ የተባልነው» አለችና መዳፏን ዘርግታ አየችው። «እጅ ማለት ይኼ አይደለም እንዴ?»

አማርኛ ትሰማለች። የድርሻው እጅ ግን አልደረሳትም። ስለ አያቴ ነገርኳት። አርሲ ውስጥ የሰው መሬት ያርሱ ነበር። እዚያ ሬሾ የሚማሩት ከደብተር ሳይሆን ከአውድማ ነው፤ እኩል፣ ሲሶ፣ እርቦ የመሬት ውል ቃላት ነበሩ። አያቴ ሲሶውን ለባለመሬቱ ይሰጣሉ። 9 ኩንታል ከተገኘ 6 ይቀራል፤ 3 ከተገኘ 2። ሬሾው ያው ነው፤ ሰባት ልጅ ግን በሬሾ አይጠግብም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት እስኪሽር ድረስ ሒሳቡ ይኸው ነበር።

የልጄም ጥያቄ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው እኩልታ የኤክስ አምስት እጥፍ ከዋይ ሦስት እጥፍ ጋር እኩል ነው ይላል። ይህን 3 እና 5ም ያሟላሉ፣ 30 እና 50ም። ሬሾ ማን ከማን እንደሚበልጥ እንጂ በጓዳ ስንት እንዳለ አይናገርም። ዋይ ከኤክስ በ8 ይበልጣል የሚለው ሁለተኛው እኩልታ ሲጨመር ብቻ 12 እና 20 ይወጣሉ።

ዝም ብላ ሠራችው። ቆይታ «የባለመሬቱስ ልጆች ስንት ነበሩ?» አለችኝ። ያንን አያቴም ነግረውኝ አያውቁም።

ስትተኛ ደብተሯን ገለጥኩት። እኩልታዎቹ በሥርዓት ተደርድረዋል። ከጎናቸው፣ በተንጋደደ ፊደል፦ «አንድ እጅ = 4»።