ባቡር ያላለፈበት የባቡር መንገድ

ብስክሌት እንደገና የነዳሁት አንድም ባቡር አልፎበት በማያውቅ የባቡር መንገድ ላይ ነው። ቦታው ደቡብ ስፔን፣ አንዳሉሲያ ውስጥ ነው። ፑዌርቶ ሴራኖ ከምትባል ትንሽ ከተማ ተነስቶ ኮረብታ ላይ እስከተቀመጠችው ነጭ ከተማ እስከ ኦልቬራ 36 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስፔኖች «ቪያ ቬርዴ ዴ ላ ሲየራ» ይሉታል፤ የተራራው አረንጓዴ መንገድ እንደማለት ነው። መኪና አይገባበትም። እኔም የሄድኩት ለዚሁ ነው።

ከዚያ በፊት ለአንድ ዓመት ከአራት ወር ብስክሌት አልነካሁም ነበር። በምኖርበት የጀርመን ከተማ ወደ ሥራ ስሄድ ከኋላዬ የመጣ መኪና ገጭቶኝ የትከሻዬ አጥንት ተሰበረ። አጥንቱ በሦስት ወር ገጠመ። ያልዳነው ጆሮዬ ነው። ከኋላ የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ በእግሬ እየሄድኩ እንኳ፣ ሰውነቴ ይሰበሰባል። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ብስክሌት ፈራሁ ሲል ያሳፍራል። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር በሳንቲም በተከራየነው ብስክሌት አንዱ እየነዳ፣ ሁለቱ ተፈናጠው ነው ያደግነው።

አባቴ ደግሞ የምድር ባቡር ሰው ነበር። ድሬዳዋ ራሷ የምድር ባቡር ልጅ ናት፤ ከጅቡቲ የተነሳው ሃዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚያ ባይደርስ ኖሮ የምናውቃት ከተማ ባልኖረች። አባዬ ዕድሜውን በሙሉ በጥገና ክፍል ሠርቷል። ድልድይ ወይም ትልቅ ሕንፃ ባየ ቁጥር የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበረው፤ «ስንት ሰው ሠራው?» ስለ ውበቱ፣ ስለ ዋጋው አይጠይቅም። አንድ አባባልም ነበረው፤ «ባቡር ዳገት አይወድም።» የብረት ጎማ በብረት ሃዲድ ላይ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ባቡር እንዲያልፍ ከተፈለገ ተራራው ይበሳል፣ ሸለቆው በድልድይ ይሻገራል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ ትርጉሙ የገባኝ ስፔን ውስጥ በጉልበቴ ነው። ዙሪያውን ቀጥ ያለ ተራራ ከቦኝ፣ መንገዱ ግን ዳገት መሆኑ እስከማይታወቅ ድረስ ቀስ እያለ ይወጣል። የተጠቀጠቀ አፈርና ጠጠር ነው፤ አልፎ አልፎ አስፋልት አለበት። በ36 ኪሎ ሜትር ውስጥ 30 ዋሻና 4 ትልልቅ ድልድይ አለ።

መስመሩ የተጀመረው በ1920ዎቹ፣ በፕሪሞ ዴ ሪቬራ አገዛዝ ዘመን ነው። ከኼሬዝ ተነስቶ አልማርጌን ድረስ እንዲደርስ፣ በተራራው ውስጥ ተዘግተው የኖሩትን መንደሮች ከወደብና ከገበያ እንዲያገናኝ ታስቦ ነበር። ዋሻዎቹ ተቆፈሩ፣ ድልድዮቹ ቆሙ፣ የጣቢያ ቤቶች ተሠሩ። በ1936 የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣ። ከጦርነቱ በኋላ ሥራው ዳግም ነፍስ ሳይዘራ ተተወ። ስፔን ከ1993 ጀምሮ የተተዉ የባቡር መስመሮችን ለእግረኛና ለብስክሌት ስታዘጋጅ ቆይታለች፤ ዛሬ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሰዋል። አብዛኞቹ ግን ሠርተው የደከሙ ናቸው። ለምሳሌ የኦኾስ ኔግሮስ መስመር ከቴሩኤል ተራሮች የብረት ማዕድን እየጫነ እስከ ሳጉንቶ ወደብ ይወርድ ነበር። ይህኛው ግን ሳይወለድ የቀረ ነው።

ጉዞዬን የጀመርኩት በየመቶ ሜትሩ ወደ ኋላ እየዞርኩ ነው። የወይራ ማሳ፣ ወንዝ፣ የፍየል ቃጭል። ማንም የለም። ከዚያ አንድ ዋሻ ውስጥ ገባሁ። ከጠራራ ፀሐይ ወደ ጨለማ ሲገባ ዓይን ይታወራል፤ ብርዱ ላብን ያደርቃል፤ ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል። መሃል ላይ ስደርስ ከኋላዬ የሆነ ነገር ሲያጉረመርም ሰማሁ። ዋሻ ድምፅን ያሳብጣል፤ ቅርብ ይሁን ሩቅ አይታወቅም። ቆምኩ፤ እግሬን መሬት አስነክቼ ግድግዳውን በእጄ ያዝኩ። ጸጉራቸው የሸበተ ሁለት ሴቶች በኤሌክትሪክ ብስክሌት «ብዌናስ!» ብለውኝ አለፉ። እነሱ ከወጡ በኋላ እንኳ ሳቃቸው ዋሻው ውስጥ ትንሽ ቆየ። እኔም ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ዋሻ መቁጠር ጀመርኩ፤ አሥረኛው ላይ ስደርስ ወደ ኋላ መዞር መተዌን አስተዋልኩ።

ምሳ የበላሁት ኮሪፔ ጣቢያ ነው። ትኬት የሚቆረጥበት ይሆን የነበረው ቤት ዛሬ ምግብ ቤት ነው። በረንዳው ላይ አንድ ሽማግሌ ቡና ይዘው ተቀምጠው ነበር። በተሰባበረ ስፓኒሽ መንገዱ እንዴት እንዳስደሰተኝ ነገርኳቸው። ጸጥታው፣ መኪና አለመኖሩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። አያታቸው ለዚህ መስመር በአህያ ድንጋይ አመላልሰዋል። «ባቡሩ መጥቶ ቢሆን ልጆቼ ባርሴሎና ባልቀሩ» አሉኝ። በክፋት አይደለም፤ ዝናብ ቀረ እንደሚል ገበሬ ነው የተናገሩት።

ቡናዬ አልወርድ አለኝ። የአሮጌው የምድር ባቡራችን መስመር ከቆመ በኋላ አባዬ ጠዋት ጠዋት እየሄደ ጣቢያው ፊት ለፊት ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን በስልክ ስንነጋገር፣ ጀርመን አገር ያየሁትን እያሰብኩ፣ «ለምን ሃዲዱን ነቅለው የብስክሌት መንገድ አያደርጉትም? እዚህ እኮ እንደዚያ ነው» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ስለ እናቴ ጤና አወራልኝ። እስኪሞት ድረስ ስለ ባቡር ከእኔ ጋር ተነጋግሮ አያውቅም። እኔ ጥሩ ሐሳብ ያመጣሁ መስሎኝ ነበር። እሱ የሰማው ግን የባቡሩን ሞት ለመዝናኛ ሲመኝ ነው። በዚያ ሃዲድ ላይ በየጣቢያው ሽንኩርትና ቲማቲም ይዘው የሚጠብቁ ሴቶች ይኖሩ ነበር፤ ልጆች የተማሩት፣ ቤት የተሠራው በዚያ ገንዘብ ነው። በኋላ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመጣ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ሆነ፤ የአባዬ ወንበር ፊት ለፊት ያለው ሃዲድ እንደቆመ ቀረ።

ሽማግሌው የተናገሩትም ይህንኑ ነው። እኔን የፈወሰኝ ጸጥታ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ባቡሩ ስላልመጣ፣ ወጣቱ ስለሄደ የተገኘ ነው። መንገዱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። የተተወው ድካም ተነስቶ እንደገና ሰው ማገልገሉ ደግ ነገር ነው፤ ምግብ ቤቱም የብስክሌት ኪራዩም ለአካባቢው ሰው እንጀራ ነው። ግን ጸጥታ የሚያምረው ለጎብኚ ነው። እዚያው ለሚኖር ሰው ጸጥታ የሚጠብቁት ነገር አለመምጣቱ ሊሆን ይችላል። እኔ ለአባዬ የተናገርኩት እንደ ጎብኚ ነበር፤ ያውም በገዛ አገሬ።

ከሰዓት በኋላ በዛፍራማጎን ገደል ሥር አለፍኩ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥንብ አንሳዎች የሚኖሩበት ድንጋይ ነው፤ ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ ይዞራሉ። ኦልቬራ ስደርስ ፀሐይ የአረቦቹን ዘመን ግንብ ቀይ አድርጋው ነበር። በማግስቱ ቁልቁል ስመለስ ፔዳል መምታት እንኳ እምብዛም አላስፈለገኝም።

ኮሪፔ ላይ ሽማግሌውን እዚያው ወንበራቸው ላይ አገኘኋቸው። በዚህ ጊዜ ስለ ጸጥታው አላወራሁም። «ስንት ሰው ሠራው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡ። ቁጥሩን እንደማያውቁ ነገሩኝ፤ ከዚያ ግን ወንበር ስበው እንድቀመጥ ጋበዙኝና ስለ አያታቸው፣ ስለ አህያይቱ፣ ስለሚጠጡት ወይን ሲያወሩኝ ቆዩ። ገሚሱ አልገባኝም። ተቀምጬ ሁሉንም ሰማሁ።