«አያችኋት?» ስንባል «አዎ» እንል ነበር



በቅርቡ እዚህ ላፍቶ አንዲት እናት አንገቱ ላይ እብጠት የወጣበት ልጇን ይዛ መጣች። ናሙና ተወስዶ የፓቶሎጂ ውጤቱ ሲመጣ «ለማረጋገጥ ሌላ ባለሙያ ይየው» ይላል። እናት ደነገጠች። «ዶክተርዬ፣ አያውቁትም ማለት ነው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ የተማሪነት ጊዜዬን አስታወሰኝ። በአንድ ማይክሮስኮፕ ተሰልፈን ተራ በተራ እናጎነብሳለን። መምህራችን «መሃል ያለችውን ትልቋን ሴል አያችኋት?» ይላሉ። «አዎ» እንላለን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ብዙ ጊዜ አላየኋትም። የሚታየኝ ሮዝና ሐምራዊ ቀለም ብቻ ነበር። ከኋላዬ ሰው ስለሚጠብቅ ግን አፍሬ አልፌያለሁ።

ፓቶሎጂስት ናሙናን በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታን የሚለይ ሐኪም ነው። የአንገት እብጠት ቀላል ኢንፌክሽን፣ ቲቢ ወይም የሊምፍ ካንሰር ሊሆን ይችላል። በእጅ ሲዳሰሱ ይመሳሰላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ጥቁር አንበሳን በመሳሰሉ ሆስፒታሎች የሚሰለጥኑ ሬዚደንቶች ዓይናቸው የሚበስለው ብዙ ናሙና በማየት ነው።

ዲጂታል ስላይድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ናሙናው ያለበትን መስታወት ስካነር ከዳር እስከ ዳር ያነሳዋል፤ ምስሉ በኮምፒውተር እንደ ካርታ እየቀረበና እየራቀ ይታያል። መምህሩ ሴሏ ላይ ቀስት ያደርጋሉ፤ ሁሉም እኩል ያያታል። መስታወት ይሰበራል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። ምስሉ ግን ለዓመታት ሊቀመጥ፣ አዲስ አበባ ተነስቶም ጎንደር ወይም ጅማ ላለ ሐኪም በዚያው ቀን ሊደርስ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ባለ ምስል ምርመራ እንዲሰጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ተፈቅዷል። ሆኖም ናሙናው በደንብ ካልተዘጋጀ ስካነርም አያድነውም፤ መብራትና ኢንተርኔትም ይፈልጋል።

ለእናትየዋ እንዲህ አልኳት፦ «እህቴ፣ ይህ ሐኪም እንደ እኔ ሳያይ ‹አዎ› ያላለ ነው።» አሁን የሁለተኛውን ውጤት አብረን እየጠበቅን ነው።

ወላጆች፣ እነዚህን አስታውሱ፦

✅ የልጃችሁ እብጠት ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ካደገ፣ ወይም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለው ሐኪም ያሳዩ።
✅ የፓቶሎጂ ውጤት ወረቀቱን አትጣሉ።
✅ ስላይድ ይዛችሁ ወደ ሌላ ሆስፒታል ስትሄዱ እንዳይሰበር በሳጥን ያዙት፤ በፍጹም አትጠቡት።
✅ «ሌላ ሰው ይየው» ስትባሉ አትቆጡ፤ አትዘግዩም።

ጤና ይብዛላችሁ!