በሽንፋ ወንዝ ላይ ስለ ጀልባ ሚዛን

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርድ መንገደኛ የደጋውን ብርድ ትቶ ወደ ሰሊጥና ጥጥ አገር ሲገባ፥ ቆላ መድረሱን ሰው ሳይነግረው በገላው ያውቀዋል። መተማ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ስለ አገራቸው የወደቁበት ስፍራ ነውና ስሙ የታወቀ ነው፤ የሽንፋን ወንዝ ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ይህ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ወደ ሱዳን ይወርዳል፥ በዚያም ራሃድ ተብሎ ከዓባይ ጋራ ይገናኛል። በበጋ ግን ፈሳሹ ይቋረጥና ውኃው በየኩሬው ይቀራል፤ ዓሣውም በዚያ ይታጎራል። ሊቃውንት በ2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኔቸር በተባለው መጽሔት እንደ ገለጹት፥ ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በሽንፋ ዳር የኖሩ ሰዎች በደረቁ ወራት ከእንዲህ ካለው ኩሬ ዓሣ እየያዙ ይመገቡ ነበር።

እኛም በጥቅምት ወር፥ ውኃው ገና ሳይጎድል፥ ከቤተ ሰባችን ጋራ ዓሣ ለማጥመድ አንዲት ትንሽ የአሉሚንየም ጀልባ በመኪና ጭነን ወረድን። ጀልባዪቱ አራት ሰው የሚያነሣት ነበረች። ቀላልነቷን እንደ ደግነት ቆጠርንላት፤ ፈተናዋም ይኸው ቀላልነቷ መሆኑን አላስተዋልንም።

ከኋላዋ 50 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሞተር ታስሯል፤ በአጠገቡም 15 ኪሎ ያህል የሚከብድ 20 ሊትር ቤንዚን ተቀምጧል። በዚያ ላይ እኛና የባለቤታችን ወንድም፥ ሁለት ጎልማሶች፥ እዚያው ኋላ ተቀመጥን። ባለቤታችንና የስምንት ዓመት ልጃችን ከመካከል ነበሩ፤ ከፊት በኩል ግን ማንም አልነበረም። ሞተሩን ባስነሣን ጊዜ የጀልባዪቱ ፊት ወደ ላይ ተነሥቶ መንገዱን ጋረደብን። ድንጋይ ያለ መስሎን ሞተሩን በድንገት ብናጠፋው፥ ይከተለን የነበረው ማዕበል በኋላ በኩል ገባብን። ልጁ ደንግጦ ተነሣ፤ እናቱ ልትይዘው ዘንበል አለች፤ የገባውም ውኃ ወደዚያው ጎን ሮጠ። ጠርዙ ከወንዙ በላይ አንድ ስንዝር እንኳ አልቀረውም።

በዚህ ጊዜ ከዳር የቆሙ አንድ ሽማግሌ «ተቀመጡ! ማንም አይነሣ!» ብለው ጮኹ። ሁላችንም ዝቅ ብለን ተቀመጥን፤ ጀልባዪቱም ቀስ ብላ ቀና አለች። እየቀዘፍን ወደ ዳር ደረስን። ልጃችን የመንሳፈፊያ ሰደርያ እንኳ እንዳልለበሰ ያን ጊዜ አየንና አፈርን።

ሽማግሌው በጣና ዳር ያደጉና በደንገል ታንኳ ብዙ ዘመን የሠሩ ናቸው። «አባቴ፥ ምን አጠፋን?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ልጆቼ፥ ታንኳ የሚያዘነብለው በክብደቱ ብዛት ብቻ አይደለም፥ በአቀማመጡም ነው። እኛ እንጨቱንም እህሉንም ከመካከልና ከታች እናኖራለን፤ ሰውም ሲንቀሳቀስ አንድ በአንድ ነው» አሉን።

ነገሩ እውነት ነው። ጀልባ በውኃ ላይ የሚቆመው የራሱንና የጭነቱን ክብደት ያህል ውኃ ገፍቶ ነው፤ 100 ኪሎ ቢጨመርበት 100 ሊትር ውኃ ለመግፋት ጠለቅ ይላል። ክብደቱ ከኋላ ሲበዛ ፊቱ ይነሣል፥ ኋላውም ለማዕበል ይጋለጣል፤ ከፊት ሲበዛ ደግሞ አፍንጫው ውኃውን እየቆፈረ መሪው እንቢ ይላል። ሰው ሲቆምም ክብደቱ ከፍ ይልና ጀልባው ለመገልበጥ ይቀርባል። ሞተሩን ወደ ጀልባው ጠጋ ወይም ራቅ አድርጎ ማዘንበል ፊቱን ዝቅና ከፍ ለማድረግ ይረዳል፤ ነገር ግን የተበላሸ አጫጫንን አያቃናም።

ስለዚህ ውኃውን ጨልፈን አወጣን፥ ቤንዚኑን ወደ መካከል አመጣን፥ የባለቤታችንም ወንድም ወደ ፊት ተሻገረ። እናትና ልጅ ሰደርያቸውን ለብሰው ከመካከል ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሽማግሌው ከዳር ሆነው ጀልባዪቱን በጎን ተመለከቱና «አሁን ሂዱ» አሉ። ያን ቀን ሁለት አምባዛ ይዘን በሰላም ተመለስን፤ ዓሣውንም ያኖርነው ከመካከል ነበር።

እንግዲህ በጣናም ሆነ በሽንፋ ቤተ ሰቡን በትንሽ ጀልባ የሚያሳፍር ሰው፥ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት አንድ ሰው ከዳር አቁሞ ጀልባው በውኃው ላይ ቀጥ ብሎ መተኛቱን ያስመልክት። ከውስጥ የተቀመጠ ሰው የራሱን ማዘንበል አያይምና።