ገና ሁለተኛው ረከዓ ላይ ነን



ጥር 14 ቀን 2015፣ ነገሌ ቦረና። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፤ ዲኤስቲቪ ቤት ታጭቀናል። ኤዲ ንኬቲያ በ90ኛው ደቂቃ አገባና አርሰናል ማንችስተር ዩናይትድን 3 ለ 2 አሸነፈ። በ19 ጨዋታ 50 ነጥብ! ሲቲን አንድ ጨዋታ እየቀረን በ5 በለጥነው። ግማሽ ዓመቱን ገምግመን ዋንጫውን እዚያው ወሰድን። የዒሻ ጀመዓ ግን አመለጠን።

መስጂዱ በር ላይ ኡስታዛችን አገኙን። አልተቆጡም።

«ዒሻ ስንት ረከዓ ነው?»

«አራት።»

«ታዲያ በሁለተኛው ምን አሰላመታችሁ?»

ሳቅን። በሚያዝያ ከሊቨርፑልም ከዌስትሃምም ጋር 2 ለ 0 እየመራን 2 ለ 2 ወጣን። በዒድ ማታ ከመጨረሻው ሳውዝሃምፕተን ጋር 3 ለ 3። ሲቲ በ89 ነጥብ ዋንጫውን በላ፤ እኛ በ84 ሁለተኛ።

ዘንድሮ ግቢ ውስጥ የሚድ ውጤት ተለጥፏል። ግማሾቻችን ደስ ብሎን ላይብረሪ ትተናል፤ ግማሾቻችን «አለቀልን» ብለን ተኝተናል። ሁላችንም በሁለተኛው ረከዓ አሰላምተናል። የመጀመሪያው ተሸሁድ ግን ተቀምጠው የሚነሱበት እንጂ የሚጨርሱበት አይደለም።

አርሰናል ለከርሞ ይሞክራል፤ ፋይናልም ገና ነው። ያቺ ያመለጠችን ጀመዓ ግን አትመለስም። የዛሬዋ ዒሻ እንዳታመልጠን እንነሳ።