መርዶና አመድ

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ኃይሊ ጉቢ ፈንድቶ፣ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ድረስ ሲደርስና እዚያ በረራ ሲሰረዝ፣ በስልካችን ቀልዱ ጎረፈ። «በመጨረሻ እኛም ኤክስፖርት አደረግን» ያለም አለ። እኛ ግን መሳቅ አቃተን። አመድና አውሮፕላን አብረው ሲነሱ ትዝ የሚለን የ2002ቱ ሚያዝያ ነው። ሆላንድ፣ ዋገኒንገን ከተማ፣ የተማሪዎች ፎቅ፣ አሥር ሰው የሚጋራው ኩሽና።

እኛ ማለት አራት ነን። አምስተኛው ጓደኛችን ነው ባለታሪኩ።

ረቡዕ ሚያዝያ 6 ማታ ታላቅ ወንድሙ ከአዲስ አበባ ደወለ። የደወለው ለእሱ ሳይሆን ለእኛ ነው። አባታቸው አርፈዋል፤ ቀብሩ ነገ ነው። «አደራችሁን እንዳትነግሩት። አሟቸዋል በሉና ላኩልን፣ እዚህ እኛ እናረዳዋለን» አለን። እኛ አገር ያደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ዘመድ አጠገቡ ሆኖ ነው። እሺ አልን። ምን እንላለን?

ሐሙስ ጠዋት ያለንን አዋጥተን ለዓርብ ማታ ቲኬት ቆረጥን። «አባትህን ትንሽ አሟቸው ነበር፣ ሊያዩህ ፈልገዋል፤ ቲኬቱ ከእኛ ነው» አልነው። ደነገጠ፣ አመሰገነን፣ አመነን። ከዚያ ከተማ ወጥቶ ለአባቱ የደም ግፊት መለኪያ ገዛ። አብረነው ነበርን። ሁለት ዓይነት ነበር፤ «ይሄኛው ይሻላል» ብለን የመረጥንለት እኛ ነን።

ወንድሙ በደወለባት በዚያችው ረቡዕ አይስላንድ ውስጥ ኤያፍያትላዮኩትል (ስሙን እስከ ዛሬ እየተለማመድነው ነው) በበረዶ ግግር ሥር ፈንድቶ ነበር። ዜናውን አይተን አልፈነዋል። አይስላንድ ሩቅ ነው። ሐሙስ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ የሆላንድ ሰማይ ተዘጋ።

ኩሽና የምንጋራው ኢንዶኔዥያዊ ነው ነገሩን ያስረዳን። የእሳተ ገሞራ አመድ ከእንጨት አመድ ጋር አይገናኝም፤ የተፈጨ ድንጋይና መስታወት ነው። ሞተር ውስጥ ሲገባ ይቀልጥና መልሶ ይጋገርበታል። እ.ኤ.አ. በ1982 በእነሱ ሰማይ ላይ አንድ ጃምቦ አራቱም ሞተሮቹ ጠፍተውበት ነበር፤ ከአመዱ ሲወጣ ሞተሮቹ ተነሡለትና ተረፈ። ስለዚህ ቀልድ አይደለም፣ ይዘጋሉ። በዚያ ሳምንት በአውሮፓ ወደ 100,000 የሚጠጉ በረራዎች ተሰርዘዋል፤ 10 ሚሊዮን ገደማ ሰው የነበረበት ቀርቷል።

ዓርብ እንደተዘጋ እያወቅን ስኪፖል ኤርፖርት ሄድን፤ ስልካቸው አይነሳማ። አዳራሹ ውስጥ የካምፕ አልጋ ተደርድሯል። ልጆች ሻንጣ ላይ ተኝተዋል። ሰልፉ ጫፍ ስንደርስ የተሰጠን መልስ «ድረ ገጹን ተከታተሉ» ነው። ቲኬቱን የሸጠልን ቢሮ ደግሞ «የተፈጥሮ አደጋ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ዛሬ ቢሆን አንለቀውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ቁጥር 261 የአውሮፓ ደንብ ከአውሮፓ ለሚነሳ በረራ ሁሉ ይሠራል። በረራው ከተሰረዘ ወይ ገንዘብህ ይመለሳል ወይ በሌላ መንገድ ትደርሳለህ፤ እስክትሄድ ምግብና ማደሪያ የአየር መንገዱ ዕዳ ነው። የተፈጥሮ አደጋ ሲሆን የሚቀረው የካሳው ገንዘብ ብቻ ነው። በዚሁ አመድ የተነሳ ጉዳይ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሶ በ2013 ይኸው ጸንቷል። ያኔ ግን ማን ያውቃል? ደረሰኝ እንኳ አልያዝንም።

ቅዳሜ ካርታ ዘረጋን። የደቡብ አውሮፓ ኤርፖርቶች ክፍት ነበሩ። ከፎቃችን አንዱ ስፔናዊ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር መኪና ተከራይቶ፣ መታወቂያውን ኪሱ ከቶ ወደ ማድሪድ ነዳው። በቃ። እኛ እያንዳንዱን መስመር በፓስፖርት ነው የምናነበው። በአውቶቡስ ኢስታንቡል? ሰርቢያ ቪዛ፣ ቡልጋሪያ ቪዛ፣ ቱርክ ቪዛ። ከአመዱ አሥር ቀን ገደማ በፊት ሥራ ላይ በዋለው የሸንገን የቪዛ ሕግ፣ ከኤርፖርት ሳይወጡ አውሮፕላን ለመቀየር እንኳ ቪዛ ከሚጠየቁት 12 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። አመዱ ለሁሉም እኩል ወረደ፤ መውጫው ግን እኩል አልነበረም።

ለጓደኛችን የቀረለት ሮም ነው። የሆላንድ የመኖሪያ ካርዱ እስከዚያ ያደርሰዋል። አርንሄም፣ ፍራንክፈርት፣ ባዝል፣ ሚላኖ፣ ሮም፤ ባቡሩ ሁሉ ጢም ብሏል፤ ቆሞ ይሄዳል። ግን ማን ይሸኘው? ከእኛ የአንዱ ካርድ እድሳት ላይ ነው፣ መንገድ ላይ ቢያዝ ጣጣ ነው። የሌሎቻችን ኪስ ደግሞ በቲኬቱ አልቋል። ብቻውን ይሂድ?

በዚህ መሃል እሱ በየሁለት ሰዓቱ ይደውላል። «አባዬን አገናኙኝ።» አንዴ ተኝተዋል ይሉታል፣ አንዴ መድኃኒት ወስደው ነው ይሉታል። ቅዳሜ ማታ ስልኩን ዘግቶ ዝም ብሎ እኛን አየን። ምንም አላለም። እኛም ወጥ ማማሰል ጀመርን።

ያን ሌሊት ተጣላን። ሁለታችን «ቃል ገብተናል፣ ሮም ደርሶ አውሮፕላን ይያዝ» አልን። ሁለታችን «ሚላኖ ባቡር ጣቢያ ከአንዱ የአገር ልጅ 'ነፍስ ይማር' ቢባልስ?» አልን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ለወንድሙ ደወልንለት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እንግዲህ ዘመዶቹ እናንተ ናችሁ» አለን።

እሑድ ሊነጋ ሲል የከተማውን አበሻ ሁሉ ቀሰቀስን። ከአርንሄም አንዲት እናት በመጀመሪያው አውቶቡስ መጡ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። በሩን ስናንኳኳ ለብሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። እሳቸውን ሲያይ ገባው። ካለቀሰ በኋላ የጠየቀን አንድ ጥያቄ ነው፤ «መቼ?»

«ረቡዕ።»

ፋሲካ መጋቢት 26 ውሎ ሃምሳው አልወጣም፤ ዓርብ እንኳ ሥጋ ጠብሰን አብረን በልተን ነበር።

«አራት ቀን ሥጋ ስበላ ዝም ብላችሁ አያችሁኝ?»

መልስ አልነበረንም። አሁንም የለንም። ስንገናኝ ዛሬም እንጨቃጨቅበታለን፤ የዛን ጊዜው ሁለት ለሁለት አሁን ሦስት ለአንድ ሆኗል፣ «ረቡዕ ማታ መንገር ነበረብን» ወደሚለው።

ለቅሶው ኩሽና ውስጥ ሆነ። ኢንዶኔዥያዊው ሩዝ ቀቅሎ በትልቅ ድስት አመጣ። ቻይናዊቷ ምን እንደምታደርግ ግራ ቢገባት ሦስት ቀን ሙሉ የሁላችንንም ሲኒ አጠበች።

ሰኞ ማታ ሰማዩ መከፈት ጀመረ። ወንበር የተገኘው ግን ለሚያዝያ 16 ማታ ነው፤ ቀብሩም ሥልስቱም ሰባቱም አልፈው፣ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት አዲስ አበባ ገባ። ሻንጣውን የቆለፍንለት እኛ ነን። መለኪያው ካርቶኑ ሳይከፈት ከልብሶቹ መሃል ነበር። እናውጣው ወይስ እንተወው ብለን ተያየን፤ ተውነው።

ግንቦት ላይ ሽሮና በርበሬ ይዞልን ተመለሰ። መለኪያውን እናቱ ጋ ትቶት መጥቷል።