ከአንደበት በፊት ጆሮ

ሙግት በአገራችን የቆየ ጥበብ ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ሳይከፈት፤ ካባ የለበሰ ጠበቃ በችሎት ፊት ሳይቆም፤ በሰሜኑና በመካከሉ አገር የሚኖረው ባላገር በዛፍ ጥላ ሥር መንገደኛውን ዳኛ አድርጎ ይሟገት ነበር። አበዳሪና ተበዳሪ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ በቁራኛ እየሄዱ፤ ተሟጋቾችም «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በግጥምና በተረት ይረታቱ ነበር። ይህን የሚያስተምር መምህር አልነበረም፤ ልጅ ከአባቱ ጎን ቆሞ እየሰማ ይማረው ነበር እንጂ። ዛሬ በሕግ ትምህርት ቤት «የተግባር ልምምድ» የሚባለው ነገር እንግዲህ ስሙ እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም ማለት ነው።

እኔ የሕግ ተማሪ አይደለሁም፤ የምማረው ሥነ ጽሑፍ ነው። «ታዲያ ስለ ሕግ ተማሪዎች ልምምድ ለመጻፍ ማን ፈቀደልህ?» የሚል አንባቢ ቢኖር መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፤ የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ የሕግ ተማሪዎች ስለ ሆኑ እኩለ ሌሊት ላይ «ክቡር ፍርድ ቤት ሆይ!» የሚል ጩኸት ሲቀሰቅሰኝ ዓመታት አልፈዋል። ሁለተኛ፤ የተወለድኩት በጋሞ ደጋ ስለ ሆነ እነዚሁ ጓደኞቼ ከአገሬው ሰው ጋር መነጋገር ሲያቅታቸው አስተርጓሚ አድርገው ይወስዱኛል። የምጽፈውም ከሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ቆሜ ያየሁትን ነው።

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። አርባ ምንጭ ደግሞ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው ተቋም በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነና ውሎ አድሮ ሕግም ይማሩበት ጀመር። በ1998 ዓ.ም. የአገሪቱ የሕግ ትምህርት ሲሻሻል ምስለ ችሎት፤ የሕግ ክሊኒክና በፍርድ ቤት የሚደረግ ልምምድ የትምህርቱ ክፍል እንዲሆኑ ተደረገ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ አንቀጽ በቃሉ የያዘ ሁሉ ጠበቃ አይሆንም፤ ዋና ያልገባ ሰው ዋና አያውቅም።

ምስለ ችሎትን አልነቅፍም። ጓደኞቼ ሲከራከሩ ማየት ደስ ይላል። የጉዳዩ ታሪክ በወረቀት ታትሞ ይሰጣቸዋል፤ ማን መቼ ምን እንዳደረገ በተራ ቁጥር ተዘርዝሯል። አንዱ ከሳሽ ሌላው ተከሳሽ ይሆንና ጭብጥ ይይዛሉ፤ አንቀጽ ይጠቅሳሉ፤ ዳኛ ሆኖ የተቀመጠው መምህርም በጥያቄ ያፋጥጣቸዋል። ከዚያ የሚወጣ ተማሪ አንደበቱ ተስሏል። ነገር ግን በነፃ የሕግ ድጋፍ መስጫ ክፍል የሚመጣው ጉዳይ እንዲህ በተራ ቁጥር ተዘርዝሮ አይመጣም። እያለቀሰ ይመጣል፤ ከመሐሉ ይጀምራል፤ ዋናውን ነገር ለመጨረሻ ያስቀራል። የሚናገረውም ጋሞኛ ነው።

የቋንቋው ነገር የሚታሰብበት ነው። ተማሪው ሕጉን የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ክሱን የሚጽፈውና በችሎት የሚናገረው በአማርኛ ነው፤ ባለጉዳዩ የተበደለው ግን በጋሞኛ ነው። አንድ በደል ሦስት ቋንቋ ተሻግሮ ዳኛ ፊት ሲደርስ በየመሻገሪያው ጥቂት ጥቂት እየፈሰሰ ይቀራል። የፈሰሰውም አንዳንድ ጊዜ ዋናው ነገር ይሆናል።

ባለፈው ዓመት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን አንዲት ባልቴት ተቀበልን። ባልዋ ከሞተ በኋላ የባልዋ ወንድም የእንሰት ቦታዋን ከፍሎ አጥሮታል። ጓደኛዬ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ነው፤ የጋሞ ሽማግሌዎችን ታሪክ ሰምቶ በጣም ያከብራቸዋል። ማክበሩም ተገቢ ነው። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በተፈጸመው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለብቀላ ሲነሡ፤ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው በመንገድ ላይ ተንበርክከው እንዳስቆሙአቸው አገር ሁሉ ያውቃል። በእጃቸው ከሣር በቀር ምንም አልነበረም፤ ነገር ግን በጋሞ ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት ረግጦ ማለፍ ጎሜ ነው፤ መዘዙም ለራስና ለወገን ይተርፋል ተብሎ ይታመናል።

ስለዚህ ጓደኛዬ በእኔ አፍ «እናቴ፤ ይህን ነገር ዱቡሻ ላይ ሽማግሌ ቢያየው አይሻልም?» አላት። እርስዋም እንዲህ ስትል መለሰች፤ «ልጄ፤ ዱቡሻ ሄጄአለሁ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ መርቀውኛል። ነገር ግን እርሱ ከውስጥ ተቀምጦ ይናገራል፤ እኔ ከውጭ ቆሜ ሌላ ሰው ይናገርልኛል። አንድ ቀን እኔው ራሴ ልናገር ብዬ ነው የመጣሁ።»

ጓደኛዬ ጽሑፉን አቆመ። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ወረቀቱን ገልብጦ በባዶው ገጽ «እሺ እናቴ፤ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አላት። አንድ ሰዓት ያህል ሳያቋርጣት ሰማ። ጉዳዩ ገና በፍርድ ቤት ስለ ሆነ ከዚህ በላይ አልናገርም። ነገር ግን ያን ዕለት ጓደኛዬ በምስለ ችሎት ያላገኘውን ትምህርት አገኘ ብል አላጋነንኩም።

ስለ ዱቡሻ ሁለቱንም መናገር ይገባል። ሽማግሌ ነገሩን በምርቃት ይከፍታል፤ ተራ በተራ ያደምጣል፤ ሁሉም እስኪስማማ ይታገሣል፤ የሚሻውም ማን ረታ ከማለት ይልቅ ነገ አብሮ መኖርን ነው። ይህ ታላቅ ጥበብ ነው። ሆኖም በቀድሞው ልማድ ክቡ ለሁሉ እኩል ክፍት አልነበረም። ዴና ፍሪማን የተባለች የሰው ባህል ተመራማሪ በዶኮ አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው መጽሐፍ እንደምታሳየው፤ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ሠራተኞች ከጉባኤው እንደ ሙሉ አባል አይቆጠሩም ነበር፤ ሴቶችም እንደዚሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የግልና የቤተ ሰብ ክርክር በባህል ሕግ እንዲታይ ሲፈቅድ የተከራካሪዎቹን ፈቃድ መጠየቁ ያለ ነገር አይደለም። የባልቴቲቱ እሺታ ካልተጠየቀ ዕርቁ ዕርቅ አይባልም። አባቶች «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ያሉት ስለዚህ ነው።

ሕጉም ራሱ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ኖሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እርሱ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማድ ሁሉ በአንድ አንቀጽ፤ በ3347ኛው፤ ሽሮታል። ዱቡሻ ግን አልተሻረም፤ ሰዉ እንደ ቀድሞው ተቀመጠበት። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ግልግል ዳኝነትና ስለ ዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237 ወጣ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234ም በፍርድ ቤት መሪነት ባለጉዳዮችን የማስማማት ሥርዓት አቆመ። እንግዲህ የነገው ጠበቃ መከራከርም ማስታረቅም ማወቅ አለበት፤ ከሁሉ በላይ ግን የትኛው ለየትኛው ሰው እንደሚገባ መለየት አለበት። ይህን መለየት የሚቻለው በመስማት ብቻ ነው።

የሕግ ተማሪዎች ሆይ፤ ምክር ከሥነ ጽሑፍ ተማሪ ብትቀበሉ ሦስት ነገር ልበላችሁ። ለምስለ ችሎት ከመዘጋጀታችሁ በፊት አንድ ቀን ደብተራችሁን ዘግታችሁ ዱቡሻ ዳር ተቀመጡ፤ ማን እንደሚናገር ብቻ ሳይሆን ማን ዝም እንዳለ ቁጠሩ። ክስ ከጻፋችሁ በኋላ ለባለጉዳዩ በቋንቋው አስነብባችሁ «ይህ ያንተ ነገር ነውን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «አይደለም» ካለ ቅደዱትና እንደገና ጻፉ። አስተርጓሚንም እንደ ዕቃ አትቁጠሩት፤ ነገሩን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ማድረስን ከእናንተ ጋር አብሮ ይለማመድ። የተማሪዎች ኅብረታችንም የአገሬውን ቋንቋ የምናውቀውን ሰብስቦ ከሕግ ተማሪዎች ጋር ቢያገናኘን ወጪው የአንድ ክፍል ቁልፍ ብቻ ነው።

አንደበት የሚሳልበት ትምህርት አላችሁ፤ ጆሮ የሚከፈትበትንም ጨምሩበት። ከደጋ ወርዳ፤ እግርዋ ዝሎ፤ በራችሁን የምታንኳኳው ሴት የምትሻው በመጀመሪያ ንግግር አዋቂ አይደለም። ቃልዋን ሳያፈስ የሚያደርስላት ሰው ነው።