በቦሌ በር ወጥቶ በቦሌ በር መመለስ

ከመስቀል ዐደባባይ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚዘረጋው ጎዳና በጽሕፈት ስሙ የአፍሪቃ ጎዳና ይባላል፤ ሕዝቡ ግን ቦሌ መንገድ ብሎ ይጠራዋል። መጨረሻውም የአይሮፕላን ማረፊያው ነው። ቀድሞ አይሮፕላን ያርፍበት የነበረው የልደታ ሜዳ ለታላላቆቹ ጄቶች አጭር ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት በቦሌ አዲስ ማረፊያ ተሠራ። ከዚያም ወዲህ ከተማው ማረፊያውን እየተከተለ ወረደና ሜዳው ሁሉ ሰፈር ሆነ። ዛሬ የቦሌን ፎቅና መደብር አይቶ የሚደነቅ መንገደኛ፣ ይህን ሁሉ የጠራው የአይሮፕላን ድምፅ እንደ ሆነ ሊያስብ ይገባዋል።

ነገር ግን በዚህ ገጽ ለመጻፍ ያሰብነው ስለ ፎቁ አይደለም። ቦሌ የከተማችን በር ነው። የጥንት አባቶቻችን መንገደኛን እስከ ወንዝ ዳር ሸኝተው ይመለሱ እንደ ነበረ፣ የዛሬውም ቤተ ሰብ ልጁን እስከ ቦሌ ሸኝቶ ይመለሳል። እናት በርበሬውንና ሽሮውን ቋጥራ በሻንጣ ትከታለች፤ አባትም ምክሩን ይሰጣል። መቼ ትመለሳለህ የሚለውን ጥያቄ ግን ሁሉም በልቡ ይዞ ዝም ይላል። በዚህ ጥያቄ ላይ ጥቂት ለማሰብ እንዲረዳን፣ ዕድሜያቸውን በሙዚቃ ጉዞ ያሳለፉትን የአቶ ማሕሙድ አሕመድን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

አቶ ማሕሙድ በሚያዝያ 30 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በመርካቶ ሰፈር ተወለዱ። ይህም ቀን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ወደ ከተማው ከገቡ ሦስተኛው ቀን ነበረ፤ ስለዚህ ልደታቸው ራሱ በመመለስ ወራት የሆነ ነው። በልጅነታቸው ጫማ እየጠረጉ እንጀራቸውን ይፈልጉ ነበር። ካደጉም በኋላ አሪዞና በሚባለው ክበብ ልዩ ልዩ የጉልበት ሥራ እየሠሩ አገለገሉ። በዚያ ክበብ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ማታ ማታ ይሰበሰቡ ነበረና፣ አንድ ምሽት ድምፃዊው ሳይመጣ በቀረ ጊዜ ጥቂት ለመዝፈን ፈቃድ ለመኑ። ድምፃቸውም የተወደደ ስለ ሆነ ከክብር ዘበኛ ባንድ ጋራ ተሰልፈው እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ ዘፈኑ። ይህ አጀማመር የቦሌ ማረፊያ ሥራውን ከጀመረበት ዘመን ጋራ የተቀራረበ ነው፤ በሩና መንገደኛው በአንድ ዘመን ተዘጋጁ ማለት ይቻላል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ዓመት አይቤክስ ከተባለው ባንድ ጋራ «ኧረ መላ መላ» የተባለውን ሸክላ አስቀረጹ፤ ያሳተመውም የአገራችን የሸክላ ነጋዴ ካይፋ ነበረ። ዘመኑ ግን ለሙዚቃ የተመቸ አልነበረም። የሰዓት እላፊ ታውጆ ሌሊቱ ስለ ተዘጋ፣ ጭፈራ የወደደ ሰው ከመሸ ወደ ቤቱ መመለስ አይችልም ነበርና በሆቴል ገብቶ፣ በር ተዘግቶበት፣ እስኪነጋ ድረስ ይቆይ ነበር። ሙዚቀኞቹም ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱለት ነበር።

በ1973 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ፣ አቶ ማሕሙድንና አቶ ጌታቸው ካሳን ይዞ ወደ አሜሪካ ለጉዞ ተነሣ። በዚያ አገር ከተዘዋወሩት ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንዶች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው። ጉዞው ባለቀ ጊዜ ግን የአንድ ባንድ ሰዎች መንገዳቸው ተለያየ፤ ከባንዱ አባሎች ከፊሎቹ ተመለሱ፣ ከፊሎቹም በዚያው ቀሩ።

ከቀሩት አንዱ የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች አቶ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። እርሳቸውም በዋሽንግተን ኖረው፣ በዳለስ አይሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዱ ብዙ ዓመታት ሠሩ። መንገደኛ እስኪመጣ ድረስም ትንሹን ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ኋላ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ከቦሌ በር የወጣው ሰው በሌላ አገር በር ላይ ቆሞ፣ የሌላውን ሰው መመለሻ በታክሲ ሲያደርስ መኖሩ የሚያሳዝንም የሚያስደንቅም ነገር ነው። ሌላው አቶ ግርማ በየነ ናቸው። እርሳቸውም በዚያው ቀርተው፣ ከሙዚቃ ርቀው በነዳጅ ማደያ እስከ መሥራት ደረሱ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ዓመትም ከፈረንሳይ ሙዚቀኞች ጋራ አዲስ ሥራ አወጡ። አቶ ማሕሙድ ደግሞ ወዲያው ተመልሰው በፒያሳ የሙዚቃ መደብር ከፈቱ፤ ሮሃ ከተባለው ባንድ ጋራም መዝፈናቸውን ቀጠሉ።

እኛ በነዚህ በሦስቱ መካከል ፈራጅ ልንሆን አንደፍርም። የዘመኑን ጭንቅ የሚያውቅ ሰው የቀረውን ከዳተኛ፣ የተመለሰውን ብቻ ታማኝ ብሎ ሊናገር አይገባውም። አቶ ኃይሉ በዋሽንግተን ሳሉ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ዓመት አኮርዲዮናቸውን ከዘመኑ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ጋራ አዋሕደው ብቻቸውን የቀረጹት ካሴት፣ ባለቤቱ ሳይመለስ እርሱ ራሱ ወደ አገር ቤት ተመልሶ ይሸጥ ነበር። ከዘመናት በኋላም አንድ አሜሪካዊ፣ ብራያን ሺምኮቪትስ የሚባል፣ ይህን ካሴት በባሕር ዳር ከተማ አግኝቶ በ2013 ዓመት እንደ ገና አሳተመው፤ አቶ ኃይሉም ከታክሲው ወንበር ተነሥተው ወደ ዓለም መድረክ ወጡ።

የአቶ ማሕሙድም ነገር ከዚህ ጋራ ይመሳሰላል። አዲስ አበባ የተቀረጸውን «ኧረ መላ መላ» በ1986 ዓመት ክራምድ ዲስክስ የተባለ የቤልጅግ ማኅበር እንደ ገና አውጥቶ ለአውሮፓ ሰው አሰማ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶም ሸክላውን ሰምተው፣ የዚህን ሙዚቃ ምንጭ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ከ1997 ዓመት ጀምሮም «ኢትዮፒክ» በሚል ስም የቀደሙትን የኢትዮጵያ ሸክላዎች በተከታታይ አሳተሙ፤ ሰባተኛውም ክፍል ይኸው ሸክላ ነው። ከዚህም የተነሣ አቶ ማሕሙድ በ2007 ዓመት የእንግሊዝ ራዲዮ ጣቢያ ቢቢሲ የዓለም ሙዚቃ ሽልማትን ለአፍሪቃ ከተመደበው ክፍል ተቀበሉ። በ2008 ዓመት ከአቶ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ከአቶ ዓለማየሁ እሸቴና ከአቶ ጌታቸው መኩሪያ ጋራ በሎንዶን ባርቢካን አዳራሽ ታዩ፤ በ2016 ዓመትም በኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ዘፈኑ። በዚህ ሁሉ ጉዞ በቦሌ በር እየወጡ በቦሌ በር ይገቡ ነበር።

ከአይሮፕላኑ ማረፊያ እጅግ ሳይርቅ የሚሌኒየም አዳራሽ ይገኛል። ይህ አዳራሽ የ2000 ዓመተ ምሕረት መባቻ በዓል እንዲከበርበት የተሠራ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ ሕሙማን የሚታከሙበት ቤት ሆነ፤ በኋላም ወደ ቀድሞ አገልግሎቱ ተመለሰ። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. አቶ ማሕሙድ በ83 ዓመታቸው ሕዝቡን የተሰናበቱት በዚህ አዳራሽ ነው። ከማረፊያው በር እስከዚህ አዳራሽ ያለው መንገድ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው፤ እርሳቸው ግን ይህን መንገድ ለመጨረስ ስድሳ ዓመት ያህል ፈጀባቸው። የስንብታቸውን ቦታ በሎንዶን ወይም በኒው ዮርክ ማድረግ የማይቻል አልነበረም። የመጀመሪያውን ጭብጨባ የሰጣቸው ከተማ የመጨረሻውንም እንዲሰጥ ማድረጋቸው ግን ዕዳን በደንቡ እንደ መክፈል ነው።

ከዚህ ታሪክ ቤተ ሰብ ሁሉ ሊመለከተው የሚገባ ነገር አለ። ሰው የሚመለሰው የሚመለስበት ነገር ሲኖረው ነው። አቶ ማሕሙድ የፒያሳ መደብር ነበራቸው፤ አብሯቸው የሚጫወት ባንድም ነበራቸው፤ የሚያውቃቸውም ሕዝብ ይጠብቃቸው ነበር። ልጁን ወደ ውጭ የሚልክ ወላጅ ገንዘብ እንዲልክለት ከሚጠይቀው ይልቅ፣ ልጁ ሲመለስ ምን ሥራና ምን ወዳጅ እንደሚያገኝ አስቀድሞ ቢያስብ ይሻላል። መሥሪያ ቤትም ከባዕድ አገር ዕውቀት ይዞ የመጣውን ሰው በደጅ ጥናት ካደከመው፣ በገባበት በር እንዲወጣ መንገድ እንዳሳየው ይቈጠራል።

ሁለተኛው ነገር ስለ ዕቃ አያያዝ ነው። የኛን ሸክላና ካሴት ፈልገው ያተሙት ባዕዳን በመሆናቸው ልናመሰግናቸው ይገባል፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ዕቃ በየቤታችን ቁም ሣጥን ተኝቶ ሳለ ዋጋውን ከሩቅ አገር መስማታችን ሊያሳፍረን ይገባል። ስለዚህ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ በቤታችሁ የአባት ወይም የእናት አሮጌ ሸክላ፣ ካሴት ወይም የደስታ ቀን ቅጂ ቢኖር ከአቧራና ከእርጥበት ጠብቁት፤ የዘፈነውንና የተጫወተውን ሰው ስም፣ ዓመቱንና ቦታውንም በወረቀት ጽፋችሁ ከዕቃው ጋራ አኑሩት። ልጆቻችሁም ያን ድምፅ ከናንተ ጋራ ተቀምጠው ይስሙት። ነገ በቦሌ በር ሲወጡ የሚናፍቁት ድምፅ ይኖራቸዋል።